ልጅ እያሳደጉ፣ ሥራ እየሠሩ በገና መማር፦ እስካሁን የደረስሁበት

ሁለት ልጆች እያሳደግሁ፣ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ሙሉ ቀን እየሠራሁ፣ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት የቅዳሜ ክፍል በገና መደርደር መማር ከጀመርሁ ዓመት አልፎኛል። እስካሁን የደረስሁበትን የምጽፈው አዲስ ነገር ለመጀመር እያሰቡ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ወይም ሥራው ቀለል እስኪል ለሚጠብቁ ወላጆች ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አጥብቄ ያመንሁበት ነገር አለ፤ የወላጅ ችግር የጊዜ ማነስ ብቻ ሳይሆን የጊዜው መቆራረጥ ነው። ስለዚህ ወላጅ የሚማረውን ሲመርጥ «ስንት ሰዓት ይወስዳል?» ከማለቱ በፊት «በመካከል ቢቋረጥ ይታገሣል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በገና ይታገሣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀኑ ሁለት ሦስተኛው የሠራተኛው የራሱ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአያት ተነሥቶ ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ ሰው የሚያጠፋው የመንገድ ሰዓት፣ የልጆች እራት፣ የቤት ሥራቸው፣ የነገው ምሳቸውና ልብሳቸው ሲቀነሱ የሚተርፈው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ያለችው ጊዜ ናት። እርሷም ቢሆን አንዱ ልጅ ውኃ ሲጠይቅ፣ ሌላዋ ሕልም አይታ ስትነሣ የምትቆራረጥ ናት። በዚያ ሰዓት ከበሮ መምታት አይቻልም፤ በጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ክራርም ቢሆን ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ዘንድ ይሰማል። በገና ግን ድሮም ቢሆን ለሌሊት ጸሎትና ለብቻ ተመስጦ የተያዘ መሣሪያ በመሆኑ ከሰዓቱ ጋር አልተጣላብኝም።

መሣሪያውን በቅርብ ላላዩት ጥቂት ላስረዳ። በገና ከአንድ ሜትር ከፍ የሚል፣ ከእንጨት ተሠርቶ የድምፅ ሣጥኑ ላይ ቆዳ የተወጠረበት፣ ሁለት ምሰሶዎችና ከላይ የሚያገናኛቸው ቀንበር ያለው ነው። አሥሩ አውታሮች በጥንታዊው አሠራር ከበግ አንጀት ተፈትለው ይዘጋጃሉ። በእያንዳንዱ አውታርና ከሥር በሚሸከማቸው በርኩማ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ በገና ሲሰማ ደረትን የሚነካው ያ ወፍራም፣ የሚነዝር ድምፅ የሚገኘው በእርሷ ነው። እንዚራዋ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብትል አውታሩ ይደነዝዛል፤ ትክክለኛ ቦታዋን እስክታገኝ ድረስ በጣት እየገፉ፣ አውታሩን እየነኩ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም ደክሞኝ ዜማ ማጥናት በማልችልበት ምሽት እንዚራ ማስተካከል ብቻውን በቂ ልምምድ እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ጆሮ በዚህ ይሠለጥናልና።

መምህራችን የጀመሩልን በመዝሙር ሳይሆን በጣት ነው። በገና በግራ እጅ ጣቶች ሲደረደር አሥሩም አውታሮች አይመቱም፤ በተማርንበት ስልት የሚመቱት ስድስቱ ሲሆኑ የቀሩት ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ለየጣቱ የተሰጠውን አውታር ሳያዩ ማግኘት፣ መትቶም በሚቀጥለው ላይ ማሳረፍ የመጀመሪያዎቹን ወራት በሙሉ ወስዶብኛል። ይህ ክፍል ለወላጅ እጅግ የሚመች ሆኖ ያገኘሁት መሣሪያውን ሳይዙ ሊጠና ስለሚችል ነው። በቀላል ባቡሩ ቆሜ ስሄድ የቦርሳዬን ማንገቻ እንደ አውታር ይዤ ቅደም ተከተሉን በጣቶቼ እደግመዋለሁ፤ ትንሹን ልጄን ሳስተኛም ጀርባውን በዚያው ቅደም ተከተል በቀስታ እነካካዋለሁ፤ እርሱም ለምዶት ካላደረግሁት ይጠይቀኛል። ቅዳሜ ክፍል ስደርስ ጣቶቼ ከጠበቅሁት በላይ ይታዘዙኝ ጀመር። መሣሪያ ለመማር የምታስቡ ወላጆች ሁሉ መምህራችሁን አስቀድማችሁ «ያለ መሣሪያው ሊጠና የሚችለው የቱ ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እመክራለሁ፤ ያ ክፍል በመንገድና በሰልፍ ላይ ይጠናቀቃል፣ የምሽቷም ጊዜ ለቀረው ትቀመጣለች።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ድምፅ ሲጨመር ነው። የበገና መዝሙር አጭር የድርድር ዙር እየተደጋገመ፣ ቃሉ በላዩ ላይ የሚፈስበት ነው፤ ጣቶቹ ሳይፋጠኑና ሳይዘገዩ ዙሩን እያዞሩ አንደበቱ ስለ ንስሐ፣ ስለ ሞትና ስለዚህ ዓለም አላፊነት የተነገረውን ቅኔ ያወጣል። ጣቶቼ ብቻቸውን ያውቁት የነበረውን ነገር አፌን ስከፍት ይረሱት ነበር። መምህሩ የሰጡን ምክር ቃሉን ትተን በመጀመሪያ «አ» እያልን ዜማውን ብቻ ከድርድሩ ጋር እንድናስማማ፣ ከዚያ አንዲት ሐረግ ብቻ እንድንጨምር፣ እርሷ ሳትጸና ወደ ሁለተኛዋ እንዳንሻገር ነው። በዚህ መንገድ አንድ መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ለመያዝ ብዙ ሳምንት ይፈጃል፤ ሆኖም አንዲት ሐረግ በሩብ ሰዓት ውስጥ ትጠናለች፣ ልጅ ተነሥቶ ቢያቋርጠኝም ዙሩ አጭር በመሆኑ ከመጀመሪያው ለመነሣት አልቸገርም። ረጅም ቁራጭን ያለ ማቋረጥ መጫወት የሚጠይቅ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ እዚህ እደርስ ነበር ብዬ አላስብም።

ክረምቱ ሁለት ነገር አንድ ላይ አመጣብኝ። የአንጀት አውታር እርጥበት ስለሚስብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅኝቱ አይጸናም፤ ማታ የተቃኘው በማግሥቱ ወርዶ ይገኛል። በሥራ በኩል ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የሒሳብ ሰዎች ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ የምናመሽበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ መዝሙር መጀመር ትቼ መቃኘትን ብቻ ያዝሁ፤ ማታ ቤት ስገባ አውታሮቹን ከትዝታ ቅኝት ጋር ማስማማት፣ የያዝኋትን አንዲት መዝሙር አንድ ጊዜ መደርደር፣ ከዚያ መተኛት። በውጤቱ ቀድሞ መምህሩ ይቃኙልኝ የነበረውን በገና መስከረም ላይ ራሴ እቃኝ ነበር። ሥራ የሚበዛበት ወቅት አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ለዚያ ወቅት የሚስማማ ትንሽ ግብ ለይቶ ማስቀመጥ ትምህርቱን ከመተው ያድናል ብዬ አምናለሁ፤ ከእኛ ክፍል ያቋረጡት ብዙዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፣ በሥራ በተጨናነቁበት ወር የቀድሞውን ያህል መሥራት ስላልቻሉ ሁሉንም የተዉ ናቸው።

ስለ ቤት ውስጥ ስምምነትም መናገር አለብኝ፤ ያለ እርሱ የቀረው ሁሉ አይቆምም። ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይይዛል፤ እኔ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያለውን ሰዓት ለእርሱ እለቅለታለሁ፣ እርሱም ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። ይህን ስንነጋገር «አንዳንዴ ብሄድስ» በሚል ልመና አልጀመርነውም፤ የሁለታችንንም ሰዓት በአንድ ላይ ወስነን፣ እናቴም እንድታውቀው አድርገን ነው። ዘመድ ቅዳሜ ሲጠራን «ትምህርት አለኝ» ማለት በመጀመሪያ ይከብደኝ ነበር፤ አሁን ዘመድም ለምዶታል። እናት ለራሷ የምትማረው ትምህርት ለቅሶና ሠርግ ካልሆነ በቀር እንደ ሥራ ሰዓት ሊከበር ይገባዋል።

ለመጀመር ዕድሜዬ እንዳለፈ የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ። እውነት ነው፣ ትልልቆቹ ደርዳሪዎች የጀመሩት በልጅነታቸው ነው፤ ዓለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል መማር የጀመሩት ገና በ12 ዓመታቸው ነበር። ነገር ግን ያንኑ ታሪክ ስከታተል ያጽናናኝ ሌላ ነገር አገኘሁ። ማሲንቆ የአዝማሪ እንጀራ ሆኖ ሲኖር በገና በአብዛኛው መተዳደሪያ አልነበረም፤ የቤተ ክህነት ሰዎች፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ሌላ ሥራና ኃላፊነት ይዘው በየቤታቸው የሚደረድሩት ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። ዓለሙ አጋ ራሳቸው በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊ ነው፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት ከዚያ በኋላ ነው። የቀን ሥራ ያለው ሰው ማታ ማታ በገና ይዞ መቀመጡ የመሣሪያው ጥንታዊ ልማድ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ዕድሜዬን የሚያነሣ ሰው ሲያጋጥመኝ መልሴ ይህ ነው።

ልጆቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት የሚሰጣትን የንባብ ልምምድ ስታደርግ ከጎኗ ተቀምጬ ጣቶቼን አለማምዳለሁ፤ ሁለታችንም የማናውቀውን እየደጋገምን ስለሆነ «አንብቢ» እያልሁ መቆጣቴ ቀርቷል፤ እርሷም ስትሰለች የእኔን ዙር ትቆጥርልኛለች። በገናውን ለመንካት ሲፈልጉ አልከለክልም፤ ሆኖም እንዚራዎቹ እንዳይንቀሳቀሱ ሲበቃኝ ጨርቅ አልብሼ ከቁም ሣጥኑ በላይ አስቀምጠዋለሁ።

አሁን በትዝታ ቅኝት የተወሰኑ መዝሙሮችን ከነቃላቸው እደረድራለሁ፤ ድምፄ ገና ከበገናው ዝቅታ ጋር አልተስማማም፣ በተለይ ታችኛው ላይ ስወርድ ትንፋሽ ያጥረኛል። ለዚህ መምህሩ የሰጡኝ ጠዋት ከመነሣቴ በፊት በዝግታ «አ» እያሉ መውረድ ነው፤ ልጆቹን ሳልቀሰቅስ የምችለው በመሆኑ ቀጥዬበታለሁ። የሚቀጥለው ሥራዬ አንቺሆዬ ቅኝት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሚቆይና በዚያ ወቅት ከበሮ ስለማይመታ በገና በየአጥቢያው በብዛት ይሰማል፤ የእኛም ክፍል በጾሙ ሳምንታት ተራ እየገባ በጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ ታስቧል። የእኔ ተራ ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዲሆን ጠይቄያለሁ፤ እስከዚያ አንዲቱን የአንቺሆዬ መዝሙር ከዳር ለማድረስ በየምሽቱ አንዳንድ ሐረግ ይዤአለሁ። የአንጀት አውታር በበጋ ደርቆ እንዳይበጠስ የምታደርጉትን የምታውቁ ካላችሁ ብትነግሩኝ እጠቀምበታለሁ።