ከጤፍ ትልቅ፣ ከምስር ትንሽ

ዛሬ ፋሻው ተፈታ። የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጥፍር የለውም። ያስጠላል፤ እኔ ግን ደጋግሜ አየዋለሁ።

ይቺ ጣት አራት ዓመት አሰቃይታኛለች። ከላይ ሲያዩዋት ምንም የላትም። አላበጠች፣ አልመገለች። ጥፍሩ ሥር ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነገር አለ፤ እሱንም ካላሳየሁት ማንም አያየውም። ጠዋት የቧንቧ ውሃ ሲነካኝ ግን ሕመሙ እስከ ብብቴ ይወጣል። የሐምሌን ብርድማ ባላነሳው ይሻላል። ታክሲ ውስጥ የሰው ቦርሳ ነካ ሲያደርጋት እንባዬ ዱብ ይላል። «ለጣት ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ይሉኛል።

ያልተባልኩት የለም። አንዱ ሪህ፣ አንዱ የጥፍር ፈንገስ፣ ሌላው ነርቭ ነው አለኝ። (እኛ ጋ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ነርቭ ነው።) ራጅ ተነሳሁ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። እማዬ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ደግሞ በረዶ ነው። ስጮህ ጊዜ ሰዉ «ሊለፈልፍ ነው» ብሎ ከበበኝ። ዛሬ ያስቀኛል፣ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ባለፈው ወር ያየኝ የእጅ ቀዶ ሐኪም ገና ወጣት ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካሽስ?» ብሎ ነው። በአራት ዓመት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም! ከዚያ አንድ አግራፍ ዘርግቶ በጫፉ ጥፍሬን እዚህም እዚያም ይጫነው ጀመር። አንዷ ነጥብ ላይ ሲደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከሷ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ምንም። ቀጥሎ እጄን ከፍ አስደርጎ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ነፋውና ያችኑ ነጥብ ተጫናት። ጸጥ። ሲያስተነፍሰው ሕመሙ ተመለሰ።

«ግሎመስ የሚባል ዕጢ ነው፣ ካንሰር አይደለም» አለኝ። ለካ ጣታችን ጫፍ ላይ እንደ ብርዱና እንደ ሙቀቱ ደም የሚያሳልፍና የሚገታ ደቃቅ አካል አለ። ዕጢው የሚነሳው ከዚያ ነው፤ ብርድ የሚያስቆጣውም ለዚህ ነው። ብርቅ ነው፣ ግን አዲስ አይደለም። ፒየር ማሶን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1924 እ.ኤ.አ. ምንነቱን ጽፎለታል። ይሄ ነው ያናደደኝ። መቶ ዓመት የታወቀ ነገር፣ መመርመሪያው አንድ አግራፍ!

ኤም አር አይ ቦታውን አሳየ። ሐኪሙ ጣቴን ብቻ አደንዝዞ ጥፍሩን አነሳው። ዕጢውን ካወጣው በኋላም ብዙ ቆየበት፤ ጥቂት ከቀረ ይመለሳል አለኝ። አሳየኝ። ከጤፍ ትልቅ፣ ከምስር ትንሽ፣ ቀላ ያለች ነገር። ለዚች ነው እንዴ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራተት የኖርኩት? የላቦራቶሪ ውጤቱም ያው ግሎመስ ሆኖ መጣ።

ጥፍሩ ለመብቀል ወራት ይፈልጋል።

ማታ እማዬ እንደ ልማዷ ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣች።

«ቀዝቃዛውን አምጪልኝ» አልኳት።

ውሃው ሲነካኝ እጄ እንደ ልማዱ ሸሸ። መልሼ ዘረጋሁት። እማዬ ውሃውን ማፍሰሷን ትታ ፊት ፊቴን ታያለች።