የጥርና የየካቲት ማስታወሻዬ፦ ጉማሬ፣ ጃካና እና ያጠፋሁት እንቦጭ

ካሜራ ከያዝኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው «በዚህ በጋ ከወፍ ወደ ጉማሬ አድጋለሁ» ብዬ ፎክሬ ነበርና ውጤቱን ላካፍላችሁ። መሣሪያዬ ያው ነው፤ ከሰው እጅ የገዛሁት ካኖን 70ዲ እና 55-250 ሌንስ። የካሜራው ሴንሰር አነስ ያለ ስለሆነ 250ው እንደ 400 ሚሊሜትር ያቀርብልኛል። ለእኔ ኪስ ከዚህ በላይ የለም።

በጥር ወር ለአራት ቅዳሜዎች ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቀን በሞተር ጀልባ ወጥቼ አበላሸሁት። ጉማሬዎቹ ሞተሩን ሲሰሙ ጠለቁ፤ ይዤ የተመለስኩት ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በደንገል ታንኳ ወጣሁ። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ስለሚመለስ ሰዓቱ ጥሩ ነው። ታንኳ ለምታስቡ አንድ ምክር አለኝ፦ ደንገሉ ውሃ ስለሚያስገባ ሱሪያችሁም ቦርሳችሁም ይበሰብሳል። እኔ ከቤት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዤ ሄጄ ካሜራውን እሱ ውስጥ አስቀመጥኩ። ቀዛፊው ጋሼ ሳፋዋን አይተው «ልብስ ልታጥብ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

እኔ ጉማሬው የጠለቀበትን ቦታ አፍጥጬ እጠብቃለሁ። እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ የሚወጣውም ሌላ ቦታ ነው። ጋሼ የውሃውን ፊት ነው የሚያዩት። አረፋ ተከታትሎ ሲመጣ በመቅዘፊያቸው ይጠቁሙኛል፣ እኔም ሌንሴን አስቀድሜ አዞራለሁ። ከዚያች ቀን በኋላ ነው ጭንቅላት የሞላው ፎቶ ማግኘት የጀመርኩት። አንዱ አፉን ሲከፍት «ትንሽ ጠጋ እንበል» ብላቸው «ሲያፋሽክ እንቅልፉ የመጣ እንዳይመስልህ፤ ጥርሱን ነው የሚያሳይህ» አሉኝ። አልተጠጋንም።

ብዙ የደከምኩበት ብርሃኑ ላይ ነው። ጉማሬው ጀርባ ላይ ነጭ ሳቢሳ ቆማለች። ካሜራው ጥቁሩን ገላ ለክቶ «ጨለማ ነው» ይልና ያበራዋል፣ ሳቢሳዋ ላባ አልባ ሆና የተሰጣ ነጠላ ትመስላለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ አቃጠልኩ። በመጨረሻ ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ቀነስኩ (ብርሃኑን በግማሽ ማለት ነው)፣ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል፣ አነሳሁ፣ ጥቁሩን ቤት ኮምፒውተር ላይ ከፍ አደረግኩት። የነጩ ዝርዝር አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም፤ ጥቁሩ ግን ይለመናል። ሹተር ስፒዱንም (የመዝጊያውን ፍጥነት) ከ1/1000 ሰከንድ አላወርድም፣ ታንኳ ሲወዛወዝ የሌንሱ ማረጋጊያ ብቻውን አይበቃም። ከ340 ፎቶ ስድስት አስቀረሁ።

ጃካናዋን ያገኘኋት በየካቲት ነው፣ ከዳር ሆኜ። በረጃጅም ጣቶቿ ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ እንደ ምንጣፍ የምትሄደዋ ወፍ ናት። በዚህ ዘር ዕንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው፤ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሮጣል፣ እግሮቻቸው ብቻ ተንጠልጥለው ይታያሉ ይባላል። እኔ እስካሁን ያ ዕድል አልደረሰኝም። የእኔዋ ብቻዋን ነበረች፤ ነፋስ ገፍቶ ያመጣው እንቦጭ ላይ፣ አጠገቧ አንድ የውሃ ፕላስቲክ። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ፕላስቲኩ አበሸቀኝና በስልኬ ማጥፊያ አጠፋሁት፣ እጄ ከገባ በኋላ እንቦጩንም ጨመርኩ። አራት ቅጠልና ሰማያዊ ውሃ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ለጋሼ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙና «ይሄ የት ነው?» አሉ። ባለፈው የቆምንበት ዳር መሆኑን ነገርኳቸው። «እንቦጩስ?» «አጠፋሁት።» ሳቁ፦ «ሰዉ በየዓመቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲነቅለው ከርሞ ያልጠፋውን አንተ በአንድ ጣትህ?» እንቦጭ ጣና ላይ የታየው በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ሲነቅለው የኖረውን አረም እኔ ለማማር ብዬ ከታሪኩ አወጣሁት።

የሚገርመው ግን ሁለቱን ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ ስለጥፍ የሆነው ነው። ለጃካናዋ «ዋው» ዘነበ። ጉማሬውና ሳቢሳዋ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ያልነካሁበት ላይ፣ «ኤአይ ነው» ተባለ። ሳቢሳዋ እንዲያው በሥርዓት ቆማ ነበርና ተናድጄም አልፈርድም። በፈረንጆቹ 2024 ማይልስ አስትሬይ የተባለ ፎቶ አንሺ ጭንቅላት የሌለው የሚመስል ፍላሚንጎ ፎቶ በውድድር የኤአይ ዘርፍ አስገብቶ ተሸልሟል። ወፏ ሆዷን እያከከች ነበር፣ ፎቶውም እውነተኛ ነው፤ ሲናገር ከውድድሩ ወጣ። ያን ዜና ሳነብ ሥቄ አልፌው ነበር፣ አሁን ተራው የእኔ ሆነ።

በቴክኖሎጂ በኩል መፍትሔ እየመጣ ነው። ሲ2ፒኤ የሚሉት አሠራር ፎቶው በየትኛው ካሜራ እንደተነሳና ምን እንደተነካ ፋይሉ ውስጥ በዲጂታል ፊርማ ያስቀምጣል፤ ይህን ይዞ መጀመሪያ የወጣው ካሜራ በ2023 የተሠራው ላይካ ኤም 11 ፒ ነው። ዋጋውን አይታችሁ አትደንግጡ። የእኛ አሮጌ ካሜራ ፊርማ አያውቅም፣ ስለዚህ እኔ ሮው ፋይሉን አልሰርዝም፤ ከምርጡ ፎቶ በፊትና በኋላ ያሉትን ብላሽ ፎቶዎችም አስቀምጣለሁ። በፊት ቦታ ለመቆጠብ ወዲያው ነበር የማጠፋቸው። «ኤአይ ነው» ላለኝ ልጅ ተከታታይ ዘጠኝ ፎቶ ላክሁለት፤ ሳቢሳዋ አንድ እግሯን ስታነሳ፣ ስትንገዳገድ፣ ጉማሬው ጆሮውን ሲያርገፈግፍ። «እሺ» ብሎ መለሰልኝ።

የጃካናዋን ፎቶ አውርጄ ዋናውን ከነእንቦጩ ከነፕላስቲኩ መልሼዋለሁ። «ዋው» ቀንሷል።

መጋቢት ላይ የምሞክረው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከላይ ወደ ውሃ ስትወረወር ማንሳት ነው። ጋሼ ሌላ ሳፋ ይዤ እንድመጣ አዘውኛል፤ የመጀመሪያዋን ቀረሶ ዓሣ ሞልተውባታል።