የከሰል ቆፋሪዎቹ የሥዕል ክበብ

ዛሬ ክበባችን ውስጥ «የሥዕል ዕቃ ተወደደ» የሚል ምሬት ሲነሳ ወሬው አሺንግተን ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከሰል ቆፋሪ ሠዓሊዎች ዞረና ቀኑ በዚያው አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ። ከሰል ቆፋሪዎች ከሥራ በኋላ ሥነ ጥበብ ሊማሩ ተመዘገቡ። መምህሩ ሮበርት ላየን የጥንት ሥዕሎችን በስላይድ ቢያሳያቸው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ፤ እንግዲያው ራሳችሁ ሞክሩት አላቸው። በሊኖ ቅርጽ ጀመሩ፦ ሊኖ የሚባለውን ለስላሳ የወለል ንጣፍ በመፋቂያ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተም ነው።

ሊኖ ላይ ቀለም የሚይዘው ያልተነካው ቦታ ነው፤ የተፋቀው ነጭ ይቀራል። ፊደል ካለበት ተገልብጦ ይቀረጻል (ይህን ያልረሳ ጀማሪ አላየንም!)። ሊኖው ከቀዘቀዘ ይጠነክርና መፋቂያው ይንሸራተታል። ፀሐይ ላይ ትንሽ አሙቁት፤ የምትይዙበት እጅ ደግሞ ምንጊዜም ከስለቱ በስተኋላ ይሁን።

ኋላ ላይ የቤት ግድግዳ ቀለም ሳይቀር እየተጠቀሙ ሣሉ፤ ሸራ ሲጠፋ ኮምፔርሳቶ ላይ። ኮምፔርሳቶ ባዶውን ከተቀባ ቀለሙን ይመጠዋል፣ ሥዕሉም ይደበዝዛል። ሁለት ዙር ስስ መደብ (ከሥዕሉ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ቀቡት፤ ጀርባውንም አትርሱ፣ አለዚያ ይጣመማል።

የሣሉት የሚያውቁትን ነው፦ ጉድጓዱን፣ እርግቦቻቸውን፣ ጓሮ አትክልታቸውን። ሥዕሎቹ ዛሬም እዚያው አሺንግተን፣ የድሮ ከሰል ማውጫ በነበረው የዉድሆርን ሙዚየም ይታያሉ።