«ፈልጋ ታገኛለች»

«ሲስተር፣ የምግቡ ጉዳይ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ባለሙያ ፈልጋ ታገኛለች» ብለው አንድ ሐኪም ስለ አንዲት ደም ያነሳት ታካሚ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ መልስ እስካሁን ይከነክነኛል። በካርዷ ላይ የጻፉት «የሥነ ምግብ ባለሙያ ታማክር» የሚል መስመር ብቻ ነበር፤ ማንን፣ የት፣ በየትኛው ቀን የሚል አልነበረበትም።

የታካሚዋ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ በዴሲሊትር 9.4 ግራም ነበር። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ስለሆነ፣ ነገሩ ለነገ የሚባል አልነበረም። ቀደም ሲል የታዘዘላትን የብረት እንክብል ሆዷን ስላደረቃት አቋርጣዋለች። አስቀምጬ ስጠይቃት፣ እንክብሉን ትውጥ የነበረው ከቁርስ ጋር በሻይ እንደነበረ ነገረችኝ፤ ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱ በአንጀት በኩል በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ስለ ወር አበባዋ ስጠይቃት ግን አንገቷን ደፋች። በየሰዓቱ ሞዴስ እንደምትቀይርና የረጋ ደም እንደሚወጣት የነገረችኝ ቆይታ ነው፤ ከዚያ በፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለው መድማት ሳይታከም ደምን በምግብ ብቻ ለመተካት መሞከር ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው።

ካርዱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩና «ዶክተር፣ የልብ ሕመምተኛ ሲልኩስ ‹ፈልጎ ያገኛል› ይላሉ?» አልኳቸው። ለአፍታ ዝም ብለው አዩኝና፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ማህፀን ሐኪም የሚላክ ወረቀት ጻፉላት። የምግቡን መስመር ግን እንደነበረ ተዉት።

ከዚያ በኋላ እኛ ነርሶች በአካባቢያችን ያሉትን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ስም፣ የሥራ ቀንና ስልክ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በነፃ የሚያዩትን ለይተን መዘገብን። እያንዳንዱን ስም ከመጻፋችን በፊት የሙያ ፈቃዱን ጠየቅን፤ የደም ምርመራ ውጤት ሳያይ ምግብ የሚከለክለውንም፣ በምክር ስም የራሱን ዱቄትና እንክብል የሚሸጠውንም አላስገባንም። ከእነዚህ አንዱ ለምን ቀረሁ ብሎ ለኃላፊያችን አቤቱታ አቀረበ። ኃላፊያችን ፈቃዱን እንዲያመጣ ጠየቁት፤ እስካሁን አላመጣም።