የአጥንት እጀታ ያላትን ሰንጢ እንዴት አነጣሁ፣ እንዴትስ መልሼ ቀለም አስያዝኳት

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ካገለገለ ዕቃ ሻጮች የገዛኋት ሰንጢ ስለቷ ደህና ነው። እጀታዋ ግን አጥንቱ ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም ቀለሙ ለቆ ዥጉርጉር ብሏል። አንጥቼው ቀላ ያለ ቡናማ ላደርገው ፈለግሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ቅባቱን ማውጣት ነው። አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ የእጅ ወዝና ዘይት እየገባ ይቀመጥበታል፣ ቅባት የያዘው ቦታ ደግሞ በኋላ ቀለሙን እኩል አይጠጣም። ለብ ባለ ውሃና በላርጎ፣ በጥርስ ብሩሽ ደጋግሜ አሸሁት። መቀቀል ግን የለም! ከአጥንት ክብደት ሲሶ የሚጠጋው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሲፈላ ይሟሟል፣ አጥንቱም ይሰነጠቃል።

"በረኪና ንከረው" የሚል ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። እባካችሁ አትሞክሩት። በረኪና ኮላጅኑን በልቶ አጥንቱን እንደ ጠመኔ ያደርገዋል። ሎሚና ኮምጣጤም ማዕድኑን ያሟሟሉ።

እኔ የተጠቀምኩት ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ብረቱን ስለሚያዝገው መጀመሪያ ስለቱንና ማጠፊያውን በፕላስተር ሸፈንኩ። ከዚያ ጥጥ አርሼ አጥንቱ ላይ ጠቀለልኩ፣ እንዳይደርቅ በፌስታል አሰርኩ፣ ብርሃን ፈሳሹን ስለሚያደክመው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሥራው ቀስ ይላል። እርጥብ አጥንት ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ በደንብ ሳይደርቅ ነጣ አልነጣ ብሎ መፍረድ አይቻልም። አጥንቱ ላይ በተቀረጸው ጌጥ ውስጥ የቀረውን ጥቁር ሆን ብዬ ተውኩት፤ ቅርጹን የሚያወጣው እሱ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት የሚመታው ከቀለሙ በፊት ነው፤ ቀለም ብዙ ስለማይጠልቅ በኋላ ከመታችሁት ይሄዳል። ውሃ እያስነካችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ምቱ። የአጥንት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ለቀለሙ ወፍራም ሻይ አፍልቼ፣ ለብ ሲል በጥጥ እያረስኩ ደጋግሜ ቀባሁት። ረጋ ያለ፣ የሚያምር ቡናማ ሰጠኝ። ጠቆር ያለ የሚፈልግ ሰው አልኮል ያለበትን የቆዳ ቀለም ይጠቀም፤ የሊስትሮ ዕቃ የሚሸጡትን መጠየቅ ነው። ሲደርቅ ንጹሕ የማር ሰም በጨርቅ አሸሁበት።

ማጠፊያውን ስትቀቡ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ተርፎ ወደ አጥንቱ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉት፣ ካልሆነ ገብቶ መልሶ ያጠቁረዋል።