ባሕር ዛፍ የመረጠልኝ መጋዝ

ደሴ ቤታችን ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ገልብጬ ከኮምፔንሳቶ ጋር በብሎን አስሬ ጣውላ መሰንጠቂያ ጠረጴዛ ሠርቼ ነበር። በኩራት ነበር ለሰው የማሳየው። አሁን እናቴ የጤና አዳም ጣሳዎቿን ደርድራበታለች። እሱን የተካውን የጠረጴዛ መጋዝ እንዴት እንደመረጥሁ ላውጋችሁ።

ጥፋቱ የመጋዙ ብቻ አልነበረም። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የባሕር ዛፍ ጣውላ ለሁለት እየሰነጠቅሁ ሳለ፣ ግማሹን እንዳለፍሁ የተከፈተው አፍ ከዲስኩ ኋላ መልሶ ተዘጋና ዲስኩን ነከሰው። ጣውላው በጎኔ ተወርውሮ የአጥሩን ቆርቆሮ ቀደደ። ወደ ግራ ፈንጠር ብዬ መቆሜ ልማድ እንጂ ብልሃት አልነበረም።

ባሕር ዛፍ ሲያድግ ውጥረት ያከማቻል፤ የግንዱ ዳር እንደተሳበ፣ መሀሉ እንደተጨመቀ ይኖራል። መጋዝ ሲገባበት ውጥረቱ ይፈታል፤ ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ስንጥቁም ወይ ይበረገዳል ወይ ይገጥማል። ዋንዛ ስሰነጥቅ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ግን በየሳምንቱ ዋንዛ የሚገዛ ማን ነው?

ከዚያ አደጋ በፊት ከመጋዝ የምፈልገው ጉልበት ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ወርጄ ጠረጴዛው ወፍራም ብረት የሆነ፣ ያገለገለ ትልቅ ማሽን አይቼ ልቤ ቀረ። ሻጩ ስለ ዲናሞው ሲያወራ ስለ ኮረንቲው ዝም አለ። ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን ሳነብ 380 ቮልት፣ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኮረንቲ) ይላል። የቤቴ ቆጣሪ ደግሞ ባለ 220 ሲንግል ፌዝ፣ ባለ አንድ መስመር ነው። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ ስመለስ እጄ ባዶ ነበር፤ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን እንኳን አልገዛሁት እላለሁ።

ስለ ኮረንቲ ካነሣን፣ 1,800 ዋት መጋዝ የሚስበው 8 አምፔር ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣዳችን ከዚህ እጥፍ ያህል ይበላል። ስለዚህ ቤቱ መጋዙን ይችላል፤ ምጣዱንና መጋዙን በአንድ መስመር ላይ ግን አይችልም። ቀጭንና ረጅም ማስረዘሚያ ገመድም ዲናሞውን ስለሚያደክመው፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አስገብቻለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በመደበኛነት የሚለካው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስስ አየር ሞተርን በደንብ አያበርድም። ስለዚህ ረጅም ጣውላ በተከታታይ ከመሰንጠቅ ይልቅ በየመሀሉ አሳርፈዋለሁ።

በመጨረሻ የገዛሁት ባለ 254 ሚሊሜትር ዲስክ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ነው። ያስመረጠኝ ከዲስኩ ጀርባ የቆመችው ቀጭን ብረት ናት። ከዲስኩ ጋር ትወጣለች፣ ከዲስኩ ጋር ትወርዳለች፤ እንጨቱ ሊገጥም ሲል መሀል ገብታ ትከለክለዋለች። ውፍረቷ ከዲስኩ ገላ መብለጥ፣ ከጥርሶቹ ስፋት ደግሞ ማነስ አለበት። የእኔዋ 2.2 ሚሊሜትር፣ ጥርሶቹ 2.8 ናቸው። ሌላ ዲስክ ስትገዙ ይህንንም የመሀል ቀዳዳውንም ለኩ፤ 30፣ 25.4 እና ወደ 16 የሚጠጋ ቀዳዳ ያላቸው በአንድ መደርደሪያ ላይ ተደባልቀው አግኝቻለሁ።

ሲገዙ የሚፈተነውን ያስተማሩኝ የሰፈራችን ሽማግሌ አናጺ ናቸው። «ጋሼ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት ይበቃል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መምሪያው ቀጥ ብሏል ወይ?» ብለው መለሱልኝ፤ እንጨቱ ተደግፎት የሚገፋበትን የጎን ብረት ማለታቸው ነው። ሶኬቱን ነቅዬ አንድ ጥርስ በቀለም ምልክት አደረግሁ፤ ጥርሱን ወደ ፊት አምጥቼ እስከ ጎን መምሪያው ለካሁ፣ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙሬ ደግሜ ለካሁ። እንዲህ መጀመሪያ የፈተንሁት ማሽን ከኋላ አንድ ሚሊሜትር ሙሉ ይጠብ ነበር፤ ያ ማለት እንጨቱን ራሱ መምሪያው ወደ ዲስኩ ይጨምቀዋል። ተውሁት። ሁለተኛው፣ የገዛሁት፣ እኩል ሆነ፤ መምሪያውን በጡጫ መትቼ ስለካው እንኳ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ የአንድ ብር ሳንቲም በጠርዙ ጠረጴዛው ላይ አቁመው ማሽኑን አስነሡ፤ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ሳንቲሙ ወዲያው ወደቀ። «ይሁን፣ ክብደቱ ቀላል ማሽን ነው» አሉ፣ እኔም እግሮቹን ከወለሉ ጋር በብሎን አሰርኋቸው።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ባለ 60 ጥርስ ዲስክ ለመስቀለኛ ቁርጥ ያምራል፤ በርዝመት ስሰነጥቅ ግን እንጨቱን አጠቆረው። በባለ 24 ቀየርሁት፣ የቃጠሎ ሽታውም ቀረ።

ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ዓይነት የባሕር ዛፍ ጣውላ አስገባሁ፤ መግፊያ ዱላ ይዤ፣ እንደ ልማዴ ወደ ግራ ፈንጠር ብዬ። አፉ ገጠመ፤ ብረቷን ነከሳት፤ ዲስኩ መዞሩን ቀጠለ። ሁለቱ ግማሾች አሁን ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል፣ ሁለቱም እንደ ቀስት ጎብጠዋል። ለወንበር እግር የሚሆን ቀጥ ያለ ቁራጭ ከእነሱ ሳወጣ ነበር፣ እናቴ ከወጥ ቤት «ምጣዱን ልሰካ ነው!» ብላ ስትጣራ ያቆምሁት።