የማይፈሰውን ከሚፈሰው፦ ፒቲኤፍኢና ፒኤፍኤን ለልባስ ማደባለቅ

ፒቲኤፍኢ (ቴፍሎን በሚል ስም የሚታወቀው፣ ብረት የሚለበስበት የማይጣበቅ ፕላስቲክ) በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ግን እንደ ሌላው ፕላስቲክ አይፈስም። ሞለኪውሎቹ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ከቀለጠ በኋላም ቅርጹን ይይዛል፤ ብናኞቹ ጎን ለጎን ይጣበቃሉ እንጂ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት አይሞሉትም። አሲድና ጨው በእነዚያ ቀዳዳዎች ሾልከው ብረቱን ከሥሩ ይበሉታል።

የቅርብ ዘመዱ የሆነው ፕላስቲክ ፒኤፍኤ የሚጨመረው ለዚህ ነው። በ305 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ይፈስና ክፍተቱን ይሞላል። ሌላው ዘመድ፣ ኤፍኢፒም በ260 ዲግሪ ቀልጦ ይፈሳል፤ ሆኖም በሥራ ላይ ያለማቋረጥ የሚችለው ሙቀት 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፒኤፍኤ ግን እንደ ፒቲኤፍኢ እስከ 260 ይችላል። ሙቀት ላለበት ሥራ እኔ የምመርጠው ፒኤፍኤን ነው።

የሚደባለቁት በውኃ ተበትነው፣ ወተት መስለው ሳሉ ነው። መጠኑ የሚሰላው በጠጣሩ ክብደት ነው፤ ፈሳሹን መዝኖ ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው። 80 ፒቲኤፍኢ ለ20 ፒኤፍኤ ከተፈለገ፣ 60 በመቶ ጠጣር ያለው 1000 ግራም ፒቲኤፍኢ 600 ግራም ጠጣር አለው፤ ስለዚህ 150 ግራም የፒኤፍኤ ጠጣር ያስፈልጋል። ፒኤፍኤው 50 በመቶ ከሆነ 300 ግራም ፈሳሽ ማለት ነው። 250 ግራም ፈሳሽ ብቻ ከጨመሩ ፒኤፍኤው ወደ 17 በመቶ ይወርዳል።

ከማደባለቅ በፊት የሁለቱን ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ይለኩ፤ ሰርፋክታንታቸውም (ብናኙን በውኃው በትኖ የሚያቆየው ኬሚካል) የሚስማማ መሆኑን ያረጋግጡ። ካልተስማሙ ወተቱ ይረጋል። ፒኤፍኤውን ቀስ እያሉ ጨምረው በሰፊ መቅዘፊያ በዝግታ ያማስሉ። በኃይል የሚፈጭ ማደባለቂያ አይጠቀሙ፦ የፒቲኤፍኢ ብናኝ ሲታሽ ክር ያወጣል፣ ክሮቹም ተጠላልፈው ጓል ይሆናሉ። ጓል የሆነው ዳግም አይበተንም፤ በወንፊት ማስወገድ ነው። ውርጭ የመታውም እንዲሁ ይበላሻል፤ ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ቦታ ያስቀምጡት። ብዙ ሰው ጉድለት ሲያይ ምድጃውን ይወቅሳል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የማደባለቂያውን ዕቃ ነው።

ድብልቁ በቀጥታ በብረት ላይ አይይዝም። ቅባቱን አጥበው፣ ብረቱን በአሉሚና ብናኝ አሻክረው፣ ፖሊአሚድ-ኢሚድ የተባለ ብረት ላይ የሚይዝ ፕላስቲክ ያለበት ፕራይመር (የመጀመሪያ ቅብ) ይቀቡ። ከዚያ ድብልቁን በስሱ ይርጩ። አንዱ ድርብ ሲደርቅ ውፍረቱ ከ25 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ካለፈ፣ ውኃው ሲወጣ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ፒኤፍኤው ጥቃቅኑን ስንጥቅ ሊደፍነው ይችላል፤ ትልቁን ግን አይችልም። ውፍረት ከፈለጉ እያንዳንዱን ድርብ ለብቻው ያብስሉ።

በ100 ዲግሪ አካባቢ ውኃውን ያስወጡ። በ250 እና በ300 መካከል ሰርፋክታንቱ እንዲወጣ ጊዜ ይስጡት፤ ካጣደፉት ታፍኖ ይከስልና ልባሱን ቡናማ ያደርገዋል። ከዚያ ከ370 እስከ 390 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ይህ የብረቱ ሙቀት ነው፣ የምድጃው አይደለም፤ ወፍራም ብረት ዘግይቶ ስለሚሞቅ መለኪያውን ከራሱ ከብረቱ ጋር ያያይዙ። በፍጥነት የቀዘቀዘ ልባስ ክሪስታሉ አነስተኛ ስለሚሆን ይተጣጠፋል፤ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ይጠነክራል።

ሙቀቱ ከ400 ሲያልፍ የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፤ ወፎችን ይገድላል። የምድጃው አየር ወደ ውጭ ይውጣ። በሥራው ቦታ ሲጋራ ፈጽሞ አይኑር፤ ሲጋራ ላይ ያረፈ ብናኝ በፍሙ ተቃጥሎ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል።

ለሕንፃ ቆርቆሮ የሚሆነው የፒቪዲኤፍና (ሌላው ፍሎሪን ያለበት ፕላስቲክ) የአክሪሊክ ድብልቅ ከዚህ ይለያል፤ በተለመደው 70 ለ30 መጠን ሁለቱ ሲቀልጡ በሞለኪውል ደረጃ ይዋሐዳሉ። አክሪሊኩ ቀለሙን ያቅፋል፣ ልባሱ ብረቱን አጥብቆ እንዲይዝም ያደርጋል፤ ሲበዛ ግን ልባሱ ለፀሐይ ያለው ጽናት ይቀንሳል።

ውጤቱን ለማወቅ ሁለት ብረት ይቀቡ፦ አንዱን ያለ ፒኤፍኤ፣ ሌላውን በ20 በመቶ፣ በእኩል ውፍረት። ከዚያ እርጥብ ስፖንጅ ባለው የኤሌክትሪክ መፈተሻ ፊታቸውን እየዳሰሱ፣ ድምፅ የሰጠበትን ነጥብ ሁሉ፣ ማለትም ቀዳዳ ያለበትን፣ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይቁጠሩ።